የቡልቻ ቅጠል

«ለእሱ ምን ይነገራል? ብትነግሪውም እሺ ነው፤ ባትነግሪውም እሺ ነው።»

ሮባ ይህን የተናገረው ከመኝታ ቤቱ መስኮት ሥር ቆሞ ነው። ድምፁን ዝቅ እንኳን አላደረገም። መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ከመስኮቱ ወዲያ፣ አልጋው ላይ፣ ነገሩ የሚነገርለት ሰው፣ ታናሽ ወንድሙ ቡልቻ፣ በሦስት ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ቀለሟ ከቆመችበት የባሏን ፊት ታየዋለች። ከታመመ ወዲህ የፊቱ ቀኝ ግማሽ ለደስታም ለኀዘንም አይታዘዝም። የሚታዘዘው ግማሽ ወደ ጥላው ዞሮ ስለነበር ምን እንዳለበት ማወቅ አልቻለችም።

ሮባ በጠዋት ከኢተያ የመጣው የዘር ስንዴውን ሊወስድ ነው። የእሱን ጎተራ አይጥ ስለሚያስቸግረው፣ ከአጨዳ በኋላ ለዘር የመረጠውን አሰላ፣ ወንድሙ ግቢ፣ ከመኝታ ቤቱ ጀርባ ባለችው የብሎኬት መጋዘን ያስቀምጣል፤ ሰኔ ሊገባደድ ሲል መጥቶ ይጭናል። በመኝታ ቤቱና በመጋዘኑ መካከል ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ጠባብ መሬት አለ። ከአጥሩ ጥግ የቆመው አሮጌ ኮሶ ቅርንጫፉን ስለዘረጋበት፣ የሁለቱ ቤቶች ጣሪያም ስለተቃረበበት፣ ከዓመት እስከ ዓመት ፀሐይ አይደርስበትም። ጎመን ተተክሎበት መንምኖ ቀርቷል፤ ድንች ተተክሎበት ቅጠል ብቻ ሆኗል፤ ጤና አዳም እንኳን ሳይሸት ደርቋል። እዚያ መሬት ላይ የቀናው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቡልቻ አስተማሪ ሳለ ከጭላሎ ጫካ ያመጣው፣ አበባም ፍሬም የማያወጣ የጥላ ተክል። መጽሐፍ ፈርን ይለዋል። ሰፈርተኛው ግን የቡልቻ ቅጠል ይለዋል፤ ሌላ ስም አላስፈለገውም።

ሲያመጣው ከመዳፍ አይበልጥም ነበር። በዝናብ ካፖርቱ ጠቅልሎ፣ ከነአፈሩ፣ እንደ ጡት ልጅ ደረቱ ላይ አቅፎ ነው ወደ ግቢው የገባው። ከኮሶው ሥር የበሰበሰውን ቅጠል እየዛቀ ጥቁርና ልል አፈር አበጀለት። የቧንቧ ውሃ ነክቶት አያውቅም፤ ከጣሪያ የወረደ የዝናብ ውሃ በበርሜል አጠራቅሞ ያንን ያጠጣዋል። የኅዳር ውርጭ ሲመጣ ማታ ማታ በጆንያ ያለብሰዋል፤ በጋ ላይ ሥሩን በረገፈ ቅጠል ይሸፍነዋል። አዲስ ቅጠል ሲያወጣ እንደ አውራ በግ ቀንድ ተጠምዝዞ ይወጣና ቀስ እያለ ይፈታል። ጎረቤቶች በአጥሩ ላይ አንገታቸውን እያሰገጉ «መምህር፣ ዘንድሮም አላበበም?» ይሉታል፤ እሱም «አያብብም» ይላል፤ «ታዲያ ምኑን ነው የሚጠብቁት?» ሲሉት ይስቃል። ክረምት ክረምት ቅጠሉን እየገለበጠ ሥር ሥሩን ይመለከትና «ገና ነው» ብሎ ወደ ቤት ይገባ ነበር። ቀለሟ ምኑ ገና እንደሆነ ጠይቃው አታውቅም። ባል ከሚስቱ ፊት ለራሱ የሚያወራው ብዙ ነገር አለ፤ ሁሉም አይጠየቅም።

ባለፈው ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ ሳለ ወደቀ። ዕድሜውን በሁለት ቋንቋ ያስተማረ ሰው፣ ከሆስፒታል ሲወጣ ከሁለቱም ተሟጦ አንዲት ቃል ብቻ ቀርታው ነበር፤ እሺ። ውሃ ሲጠማው እሺ ይላል። ሲበርደው እሺ ይላል። ጠያቂ ሲመጣ፣ ጠያቂ ሲሄድ፣ መጋቢው ጸልዮ ሲጨርስ፣ ድመቷ አልጋው ላይ ስትዘል፣ እሺ ነው። ሐኪሙ «የሚባለውን ይረዳል፤ የጠፋበት መልሱ ነው» ብሎ ነበር። ዘመድ የሐኪሙን ቃል ቶሎ ረሳው። ሁልጊዜ እሺ የሚል ሰው ለዘመድ ይመቻል። ቀለሟ ብቻ ቃሏን በዜማዋ መለየት ተማረች። ወደ ላይ የምትወጣ እሺ አለች፤ ጥያቄ ናት። ተጎትታ የምታልቅ አለች፤ ድካም ናት። አጭር ሆና ጥርስ ላይ የምትሰበር ደግሞ አለች፤ እሷ እምቢታ ናት።

ዛሬ ጠዋት ሮባ የመጀመሪያውን ጆንያ ተሸክሞ ከመጋዘኑ ሲወጣ አንዱ ረጅም ቅጠል ትከሻው ላይ ተያዘበት። ሊያስለቅቀው ሲገለብጠው ባለበት ቆመ። ጆንያውን ቀስ አድርጎ አወረደ።

«ቀለሟ፣ እስቲ ነይ ወዲህ።»

መጣች።

«ይህን አይተሽዋል?»

አላየችውም ነበር፤ አሁን አየችው። ከቅጠሉ ሥር፣ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ በተደረደሩት ትንንሽ ቅጠሎች ሁሉ ላይ፣ ክብ ክብ ቡናማ ነጠብጣብ በሁለት ረድፍ ተሰድሯል። ሮባ በአውራ ጣቱ ጠረገውና ጣቱን ወደ ፊቷ አቀረበው። የዛገ ብረት የነካ ጣት ይመስላል።

«ዋግ ነው» አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር።

ዋግ ስንዴውን ሳያሽት ቡናማ ዱቄት አልብሶ የሚያደርቅ በሽታ ነው፤ በዚያ አገር ልጅ እንኳን በስሙ አይጫወትም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሮባ አንድ እሑድ ከቤተክርስቲያን ሲመለስ ማሳውን ጎብኝቶ፣ ዛላውን በመዳፉ መዝኖ፣ አመስግኖ ነበር የገባው። በሳምንቱ መሀል ለመሀል አቋርጦ ሲወጣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ዝገት ለብሶ ወጣ። የዚያን ዓመት ያጨደው ገለባ ነው። ከዚያ ወዲህ ቡናማ ነገር ሲያይ በጣቱ ጠርጎ ሳያይ አያልፍም፤ ይህንንም የሚያውቁ ያውቁለታል እንጂ አያነሱበትም።

ቀለሟም የገበሬ ልጅ ናት፤ በበቆጂ ብርድ፣ በገብስና በስንዴ መሀል ነው ያደገችው። አባቷ የተበላሸ ዛላ ሲያገኝ ነቅሎ፣ ከማሳው ርቆ ሄዶ፣ ሲያቃጥል አይታለች። በተራዋ ሌላ ቅጠል ገለበጠች፤ ጣቷን አሳረፈችበት፤ ጣቷ ቡናማ ሆነ። ሌላም ገለበጠች፤ ያው ነው። ቅጠሉን መልሳ ስታቀናው ግን የላይኛው ፊቱ ለምለም ነው፤ ቅንጣት ብጫ አልነካውም። በሽታ የገባበት ቅጠል እንዲህ ፊቱ አይፈካም፤ ይህን አስባለች። ነጠብጣቡም እጀ ቀና ሰው እንደ ሰፋው የተስተካከለ መሆኑን አስባለች። አልተናገረችም።

«ይኼ ዱቄት በነፋስ እኮ ነው የሚሄደው! ጆንያው ላይ አርፎ ይሆናል። በገዛ እጄ ተሸክሜ ማሳዬ ላይ ልበትነው ነው?» አለ ሮባ። «ዛሬውኑ ይቆረጥ። ይቃጠል።»

«ቡልቻን ልጠይቀው፣ ጋሼ።»

ሮባ ስለ እሺ የተናገረውን የተናገረው ይኼን ጊዜ ነው።

እሷ ግን ገባች። ክፍሉ የመድኃኒትና የርጥብ ብርድ ልብስ ሽታ አለው። በግድግዳው ላይ ቡልቻ ከተማሪዎቹ ጋር ጭላሎ ግርጌ የተነሳው ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ ከአልጋው አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ያልጨረሰው አጥሚት ቆዳ አውጥቶ ቀዝቅዟል። ከአልጋው ጠርዝ ተቀመጠች። ያሰበችውን ከመናገሯ በፊት ብርድ ልብሱን አስተካከለች፤ ማስተካከል አላስፈለገውም ነበር።

«ያ ቅጠልህ» አለችው፤ «ታሟል ይላሉ ጋሽ ሮባ። ዋግ ገብቶበታል። እኔም አየሁት። ይቆረጥ?»

ቡልቻ ደህናውን ግራ እጁን አነሳ። «እሺ» አለ። አጭር ነበረች፤ ጥርስ ላይ ተሰበረች። «እሺ! እሺ! እሺ!» ጣቱን ወደ መስኮቱ ቀሰረ፤ ከዚያ እጁን ገልብጦ መዳፉን አሳያት፤ መለሰው፤ እንደገና ገልብጦ መዳፉን አሳያት። ግንባሩ ላብ አወጣ።

«ይኸውልሽ!» አለ ሮባ በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ። «ፈቀደ። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ቀለሟ የትኛዋ እሺ እንደሆነች አውቃለች። ያወቀችውን ሽሽት ከአልጋው ተነሳች። ሮባ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይቀላት ነበር። ቡልቻ የወደቀ ዕለት እርሻውን ጥሎ የመጣው እሱ ነው፤ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ካርቶን አንጥፎ ያደረው እሱ ነው። ልጃቸው ሶረቲ አዳማ ትዳር ይዛለች፤ በወር አንዴ ብትመጣ ነው። በዚህ ቤት ለዓመት የሚበላው ስንዴ ከሮባ ጎተራ ይመጣል፤ እሱም አንድ ቀን አንስቶት አያውቅም፤ አለማንሳቱ ነው እጅ እግር የሚያስረው። እንዲህ ያለ ሰው ፈርቶ አንድ ነገር ሲለምን፣ ለማይበላ ቅጠል ብሎ ማን እምቢ ይለዋል? ይህን ሁሉ ለራሷ ነገረችው። ከዚያም መጋረጃውን ሳበች።

«ፀሐይ እንዳያስቸግርህ» አለችው። በዚያ መስኮት ፀሐይ ገብቶ አያውቅም።

ማጭዱን ከመጋዘኑ በር ጀርባ አነሳች። ቅጠሉ ሲቆረጥ እንደ ጎመን አይደለም፤ ግንዱ ጠንካራ ነው፤ ማጭዱ በገባ ቁጥር ቀጭን፣ ደረቅ ድምፅ ያወጣል። መጋረጃው ማየት ይከለክላል እንጂ መስማት አይከለክልም። ሦስተኛውን ስትቆርጥ ከውስጥ እሺ የሚል ድምፅ ሰማች። ቀጠለች። ድምፁ ተደገመ። ሮባ ጆንያ እያወጣ ነበርና «ይኸው፣ ይመርቅሻል» አለ፤ ሊቀልድ ፈልጎ ነው፤ ሁለቱም አልሳቁም። የመጨረሻው ቅጠል ሲወድቅ ጠባቡ መሬት ሌላ ቦታ መሰለ። የመጋዘኑ ብሎኬት እርቃኑን ወጣ፤ እስከ ወገቡ አረንጓዴ ሽበት ያወጣ ግድግዳ እንደነበረ ያየችው ገና አሁን ነው። ቅጠሉ ርጥብ ስለሆነ አልነድ አለ፤ ሮባ ነጭ ጋዝ አርከፈከፈበት። ጢሱ ወፍራምና መራራ ነበር፤ ከቆርቆሮው ሥር ተንከባሎ በመጋረጃው ሥር ወደ ቤት ገባ። አመዱን ሮባ ራሱ በአካፋ እየዛቀ የተቆረጠው ጉቶ ላይ በተነው። ሥሩን ሊቆፍር ሲል ግን ጫኙ መኪና ከውጭ ጥሩምባውን ነፋ።

«ሥሩን በኖራ ነው የሚገድሉት» አላት፣ የመጨረሻውን ጆንያ እየተሸከመ። «ዛሬ ገዝተሽ ድፊበት። መልሶ እንዳይበቅል።» ሊሰናበት ገባ። የወንድሙን ግንባር ሳመ። «ይበርደዋል መሰለኝ፤ እግሩን ሸፍኚው» አለ፤ ለእሷ ነው ያለው። ቡልቻ ዓይኑን አልገለጠም።

ከሰዓት በፊት ሰማዩ ገና ሳይዘጋ ወጣች። ከግቢዋ እስከ ዋናው መንገድ ያለው ኮብልስቶን በሰሞኑ ዝናብ ተቦርቡሮ ባጃጆቹ ጎን ጎኑን ይዘው ይንገዳገዳሉ። ከወፍጮ ቤቱ በር ሴቶች ተሰልፈዋል፤ የዱቄት ዋጋ ሰሞኑን ደግሞ ጨመረ ይላሉ፤ አንዷ «ስንዴ ላይ ተቀምጠን ዳቦ ያምረናል» ብላ ሌሎቹን አሳቀቻቸው። የሚያውቋት «መምህር እንዴት ናቸው?» ይሏታል። «ደህና ናቸው፤ ጌታ ይመስገን» ትላለች። ከዓመት በላይ የለመደችው መልስ ነበር፤ ዛሬ ግን ባለፈች ቁጥር የጢሱ ሽታ ከነጠላዋ እየወጣ እነሱም የሸተታቸው እየመሰላት እርምጃዋን አፈጠነች።

የሀሰኖ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ከመስጊዱ ማዶ ነው። ሀሰኖ የቡልቻ የልጅነት ጓደኛ ነው፤ አብረው ተምረዋል፤ ጭላሎንም አብረው ነው የወጡት። ቡልቻ ከታመመ ወዲህ ዓርብ ዓርብ ከስግደት በኋላ መጥቶ አልጋው አጠገብ ይቀመጣል፤ የከተማውን ወሬ ሁሉ ይነግረዋል፤ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው በየመሀሉ ያርፋል። ቀለሟን ሲያይ ከቆርቆሮ ክምሩ ጀርባ ብቅ አለ።

«እንኳን ደህና መጣሽ! ምን ልስጥሽ?»

«ኖራ ነበር፣ ጋሽ ሀሰኖ።»

«ቤት ልትቀቢ? ሶረቲን ዳግም ልትድሪያት ነው እንዴ፣ ካርዱ ሳይደርሰኝ?»

«ለቤት አይደለም። ለመሬት ነው።»

«መሬት ኖራ ሲቀባ ገና ዛሬ ሰማሁ» አለና ሳቀ፤ ሚዛኑን ወደ ራሱ ጎተተ። «መሬትን አረንጓዴ የሚቀባው የሰማይ ቤቱ ቀለም ቀቢ ሳይቀናብሽ አይቀርም።»

ነገሩን ነገረችው። ዋግ መግባቱን፣ ሮባ መፍራቱን፣ መቆረጡን። ስትናገር ቀላል ነገር እንዲመስል ፈልጋ እንደ ወፍጮ ቤት ወሬ ነው ያወራችው። ሀሰኖ ኖራውን ሊዝቅበት ያነሳውን ጣሳ እንደያዘ ቀረ።

«ቡናማ አልሽኝ? ከቅጠሉ ሥር?»

«አዎ።»

«በሁለት ረድፍ? ክብ ክብ?»

«አዎ። ምነው?»

«አሁን የት አለ?»

«አቃጠልነው።»

ሀሰኖ ጣሳውን አስቀመጠ። ኮፍያውን አወለቀ፤ ውስጡን ተመለከተ፤ መልሶ አጠለቀው። «ላ ኢላሀ ኢለላህ» አለ ቀስ ብሎ። ከውጭ ባጃጅ አለፈ። ሌላ ገበያተኛ ሚስማር ጠየቀ፤ «ቆይተህ ና» ብሎ መለሰው።

«ቅጠሉን ያመጣን ጊዜ» አለ በመጨረሻ፤ «ጫካው ውስጥ ትልልቆቹ ሰው ያክላሉ። እኔ አንዱን ገለበጥኩና ያንን ቡናማ ነገር አየሁ። ጮህኩበት። ‹አንተ ሰው፣ ይኼ ዋግ ነው፤ ይዘኸው ብትወርድ አርሲን ታስርባለህ!› አልኩት። ሆዱን ይዞ ሳቀብኝ። ‹የአርሲ ሰው ገነት ቢገባም ቅጠል ሲገለብጥ ነው የሚውለው› አለኝ። ከዚያ አስቀምጦ አስረዳኝ። ይኼ ነገር አበባ የለው፣ ፍሬ የለው። ያ ዱቄት ዘሩ ነው። ከቅጠሉ ሥር ተሸክሞ ያሳድገውና ሲደርስ ለነፋስ ይሰጠዋል። አንቺዬ፣ ዘሩ ነበረ እኮ።»

ቀለሟ ጠዋት ቡናማ የሆነውን ጣቷን አየችው።

«ትልልቁን ትቶ ያችን ትንሿን የነቀለው ለምን መሰለሽ? ገና ያልወለደች ፈልጎ ነው። ‹እኔ ግቢ ወልዳ ካየሁ፣ አገሬ ነው ብላ ተቀብላዋለች ማለት ነው› አለኝ። ከዚያ በየክረምቱ እጠይቀዋለሁ፤ ገና ነው ይለኛል።»

«ለእኔ አልነገረኝም» አለች ቀለሟ። ድምፁ የሌላ ሰው መሰላት።

«ነግሮሽ ይሆናል። ወይ ደግሞ የነገረሽ መስሎት ይሆናል። አብሮ ያረጀ ሰው የነገረውንና ያልነገረውን ይቀላቅለዋል።» ከዚያ፣ «እሱስ? ቡልቻ ምን አለ?» ሲል ጠየቃት።

«እሺ አለ።»

«ካመመው ወዲህ እሺ ያላለው ነገር አለ እንዴ?»

ይህን በክፋት አላለውም፤ ሲያየው የኖረውን ነው ያለው። እሷ ግን ዓይኗ ፊት እጅ መጣባት፤ ሲገለበጥ፣ መዳፉን ሲያሳይ፣ ሲመለስ፣ እንደገና ሲገለበጥ። ቅጠል ነበር። ባሏ በአንድ እጁ ቅጠል ሆኖ፣ ሥሬን እዪው፣ ሥሬን እዪው እያለ ሲለምናት፣ እሷ ስለ ፀሐይ አውርታ መጋረጃ ዘጋችበት።

«ሥሩስ?» አለ ሀሰኖ። «ሥሩንም ነቀላችሁት?»

«ሥሩ አለ። ኖራው ለእሱ ነው።»

ሀሰኖ ሚዛኑን በክንዱ ገፋ አደረገው። «ኖራ የለኝም» አለ። ከጀርባው የኖራ ጆንያ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። ሁለቱም አዩት። «ሂጂ ቤትሽ፤ እኔም ሱቁን ዘግቼ እመጣለሁ።»

ዝናቡ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ደረሰባት። ሰልፉ ተበትኖ ሴቶቹ ከጣሪያው ጠርዝ ተጠግተዋል፤ «ተጠለዪ እንጂ!» አሏት፤ አልቆመችም። ቤት ስትደርስ ነጠላዋ ከትከሻዋ ተጣብቆ ነበር። ክፍሉ ውስጥ አሁንም ጢስ ይሸታል። ቡልቻ ጥላው እንደሄደችው ነው፤ እግሩ እንደተሸፈነ፣ ዓይኑ እንደተከደነ፤ አልተኛም፤ የእስትንፋሱን ልክ ታውቀዋለች። መጋረጃውን ገለጠችው። ከመስኮቱ ወዲያ ነጫጭ ጉቶ፣ ዝናብ የሚያጨቀየው አመድ፣ ከአመዱም ወዲያ ብሎኬት። ሌላ ምንም አልነበረም። ከአልጋው ጠርዝ ሳይሆን ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ፊቷ ከፊቱ እኩል እንዲሆን።

«ዋግ አልነበረም» አለችው። «ሀሰኖ ነገረኝ። የጠበቅኸው እንደነበረ ነገረኝ።»

ዓይኑን ገለጠ።

«ቡልቻ፣ እምቢ ማለትህን አውቄያለሁ። ሰምቼሃለሁ። እንዳልሰማሁ ሆኜ ነው የቆረጥኩት። ጋሽ ሮባን ፈርቼ ነው። አንተን አለመፍራት ቀለለኝ። ይቅር በለኝ።»

ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ንግግሯን እየዋጠው ነበርና ከፊሉን ደግማ ተናገረችው፤ የባሰውን ከፊል። ከዚያ ጠበቀች። ለጠያቂ ሁሉ፣ ለጸሎት ሁሉ፣ ለድመቷ እንኳን ተነፍጋ የማታውቀው ያቺ ቃል አሁን እንደምትመጣ አልተጠራጠረችም፤ በየትኛው ዜማ እንደምትመጣ ነበር የፈራችው። አልመጣችም። ቡልቻ ከንፈሮቹን ገጥሞ፣ መግጠም የሚችለውን ግማሽ አጥብቆ፣ አያት። ምንም አላለም። ለረጅም ጊዜ ምንም አላለም።

ስልኳ ጮኸ። ሮባ ነበር፤ ከጀርባው የዝናብና የሰው ድምፅ ይሰማል።

«ደረስን፤ አውርደናል። ኖራውን ደፋሽበት?»

«አልደፋሁም፣ ጋሼ። ባለቤቱ እምቢ ብሏል።»

«ማነው ባለቤቱ?»

«ቡልቻ።»

ስሙን ስትጠራ ቡልቻ ፊቱን ወደ ስልኩ አዞረ። ከወዲያ በኩል ሮባ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ምን ብሎ?»

«ዝም ብሎ።»

ሮባ ሲናገር ድምፁ ያ የጠዋቱ አዛዥ ድምፅ አልነበረም፤ ሱሪውን ቁልቁል የሚያይ ሰው ድምፅ ነበር። «ስንዴዬስ?» አለ።

«ዋግ አልነበረም። ያቃጠልነው ዘሩን ነው። የእርስዎ ምንም አይሆንም፤ በሰላም ይዝሩ።»

«ዘሩን?» አለ ሮባ። «የቡልቻን ዘር?» ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። እሱ ዘግቶት ይሁን ኔትወርኩ፣ አላወቀችም፤ መልሳም አልደወለችም።

ሀሰኖ ጃንጥላ ይዞ፣ የሱሪውን ጫፍ ጠቅልሎ፣ ጫማውን በረንዳ ላይ አውልቆ ሲገባ ቡልቻ ግራ እጁን ወደ መስኮቱ ዘርግቶ ነበር። የሚያሳያቸው ነገር እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ። የሚያሳየው ሳይሆን የሚሄድበት መሆኑን የተረዳችው ቀለሟ ናት። ከታመመ ወዲህ እዚያ ቦታ ደርሶ አያውቅም፤ ይበርደዋል፣ መንገዱ ጠባብ ነው፣ ወንበሩ አያልፍም ተብሎ። ማን እንዳለው እንኳን አይታወስም። የፕላስቲክ ወንበር አመጣች፤ ካፖርቱን አለበሰችው፤ ሁለት ሆነው አነሱት። «ከብደሃል፣ አንተ! አጥሚቱ የሚገባው እዚህ ነው ለካ» አለ ሀሰኖ እያለከለከ፤ ከቡልቻ ጉሮሮ ሳቅ ይሁን ሳል ያልለየለት ነገር ወጣ። በመጋዘኑና በቤቱ መሀል ወንበሩን ጎን አድርገው፣ ብሎኬቱ ክንዳቸውን እየላጠው፣ አሳለፉት። ከጉቶዎቹ አጠገብ አስቀመጡት።

ቡልቻ አጎንብሶ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ከዚያ ግራ እጁን ሰደደ። አመዱ በዝናቡ ቦክቶ ጉቶው ላይ ተጋግሮ ነበር። አንድ እፍኝ ዘገነና ወደ አጥሩ ወረወረው፤ ሩቅ አልሄደም። ሌላ ዘገነ። ጣቶቹ ጉቶውን እየዞሩ፣ ከሥሩ ያለውን ጥቁር አፈር ሲያገኙ ቆም እያሉ፣ አፈሩን ትተው አመዱን ብቻ ይለቅማሉ። ቀለሟ ጭቃው ላይ ተንበርክካ እጇን ዘረጋች፤ እሱ በማይደርስበት በኩል ካለው ጉቶ ልትጀምር ነበር። ቡልቻ በእጁ ጀርባ እጇን ገፋው። መታ አላደረጋትም፤ ቅርንጫፍ ከመንገድ እንደሚገፋ ሰው ነው። እንደገና ዘረጋች። እንደገና ገፋው።

«ተዪው» አለ ሀሰኖ ከኋላዋ፣ በሹክሹክታ።

ተነሳች። ጉልበቷ ላይ የቀረውን ጭቃ አላራገፈችም። ጃንጥላውን ከሀሰኖ እጅ ወሰደችና ከባሏ ራስ በላይ ያዘችው። ጠባብ ጃንጥላ ነው፤ ሁለት ሰው አይይዝም። ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ ጀርባዋ ላይ ይወርድ ጀመር። ቡልቻ ቀና ብሎ አላያትም፤ ሌላ እፍኝ አመድ ዘገነ። እሷም ወደ ራሷ እንዳያዘነብልባት እጀታውን በሁለት እጇ አጥብቃ ያዘች።